ጠይቁን፦ «አባዬ አዳምስ አዳምስ እያለ ኳስ አላሳይ አለኝ»

ባለፈው እትም ስለ አርሰናል ተከላካዮች ስጽፍ በጨዋታ መሀል የድሮውን አምበል የቶኒ አዳምስን ስም ጠርቼ በአንድ መስመር አልፌው ነበር፣ እናንተ ግን አላለፋችሁኝም። ደብዳቤና ሜሴጅ ሲጎርፍ ሰነበተ፣ ግማሹ «እንዴት በአንድ መስመር ታልፈዋለህ» የሚል ነው፣ ግማሹ ደግሞ «ሰውየው ማነው» የሚል። ስለዚህ ዛሬ ሌላ ጥያቄ የለም፣ አምዱ በሙሉ የሱ ነው። የቼልሲና የማንቼ ደጋፊዎች ለዛሬ ብቻ ቻሉን።

ከጀሞ፦ ሰላም ጠይቁኖች። 19 አመቴ ነው። እኔም አባዬም አርሰናል ነን ግን አብረን ጨዋታ ማየት አልቻልንም። የአሁኑ ተከላካያችን ሳሊባ ኳስ ነጥቆ ሲወጣ እኔ ብድግ ብዬ ሳጨበጭብ እሱ ቁጭ ብሎ «አዳምስ ቢሆን መጀመሪያውኑ እዛ ድረስ አያስመጣውም ነበር» ይለኛል። ዩቲዩብ ላይ ገብቼ ፈለኩት፣ እውነቱን ልንገርህ ምንም አልታየኝም፣ አንድ ረጅም ሰውዬ እጁን አንስቶ ይጮሃል በቃ። አባዬ እያጋነነ ነው አደል?

አባትህ ትንሽ ሳያጋንን አልቀረም፣ አባት አደል እንዴ። ግን «እዛ ድረስ አያስመጣውም ነበር» ያለው ነገር ስለ አዳምስ ከተባለው ሁሉ ትክክለኛው ነው። አጥቂን በሶስት ደቂቃ ቪዲዮ ታውቀዋለህ፣ ጎሉ እዛው አለ። የአዳምስ ስራ ግን ሳይሆን የቀረ ነገር ነው፣ ሳይሆን የቀረን ነገር ደግሞ ማን ቆርጦ ዩቲዩብ ላይ ይጭነዋል?

አንተ የናቅካትን እጅ ላስረዳህ። ጆርጅ ግራሃም 1986 ላይ አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣ ያመጣው ነገር ድግግሞሽ ነው። አራቱን ተከላካዮች ልምምድ ላይ በገመድ አያይዞ ያስኬዳቸው ነበር፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ገመዱ ሌሎቹን ይጎትታል፣ አንዱ ከቀረ ገመዱ ይወጠራል፣ እንዲህ እያሉ በየቀኑ፣ ዛሬም ነገም ከነገ ወዲያም፣ ተጫዋቾቹ እስኪሰለቻቸው። ገመዱ ከተፈታ በኋላም አራቱ ሰዎች እንደታሰሩ ቀሩ። ከዛ ጨዋታ ላይ ተጋጣሚው ኳስ ወደ ኋላ ሲመልስ ወይ አንገቱን ሲደፋ አዳምስ አንድ ቃል ይጮሃል፣ አራቱም በአንዴ ሁለት ሶስት እርምጃ ወደ ፊት ይወጣሉ፣ አጥቂው ዞር ሲል ከነሱ ጀርባ ብቻውን ቀርቷል፣ ኦፍሳይድ፣ የአዳምስ እጅ ወደ ላይ፣ የመስመር ዳኛው ባንዲራም ወደ ላይ። ቀላል ይመስላል አይደል? እኔ ልጅ እያለሁ ሰፈር ቡድን ውስጥ ሞክሬዋለሁ። እጄን አንስቼ ቆሜ ቀረሁ፣ የቀኝ ተመላላሻችን ከጎል አጠገብ ቆሞ ታኬታውን እያሰረ ነበር፣ ጎል ገባ፣ ዱላ ቀረሽ ጭቅጭቅ ሆነ። ኦፍሳይድ ወጥመድ አንድ ሰው ከተኛ ለሁሉም ወጥመድ ነው።

ደግሞ ሰዎቹን እያቸው። ሊ ዲክሰንና ስቲቭ ቦልድ ከስቶክ ሲቲ የመጡ ናቸው፣ ናይጀል ዊንተርበርን ከዊምብልደን። ማንም ስማቸውን ሰምቶ ትኬት አይገዛም ነበር። አዳምስ ብቻ ነው የቤት ልጅ፣ ሮምፎርድ ተወልዶ በታዳጊ ቡድኑ አድጎ በኖቬምበር 1983 በ17 አመቱ ሰንደርላንድ ላይ የተሰለፈው። በ21 አመቱ፣ ጃንዋሪ 1988 ላይ፣ አምበል ሆነ፣ ጫማ እስኪሰቅል ድረስ ማሰሪያውን አላወለቀም። ፈጣን አልነበረም፣ ይሄን እሱም ያውቃል ግራሃምም ያውቃል፣ ለዚህ ነው ቀድሞ ማሰብ የነበረበት።

ቁጥር ከፈለክ፣ በ1990/91 ሲዝን አርሰናል በ38 ጨዋታ 18 ጎል ብቻ ነው የገባበት፣ 1998/99 ላይ ደግሞ 17፣ ያውም ብዙዎቹ ሰላሳዎቹን አልፈው። የአንተዎቹ ሳሊባና ጋብርኤል በ2023/24 በሊጉ ከሁሉም ያነሰ ጎል የገባበት ቡድን ሲሆኑ ቁጥሩ 29 ነበር። ይሄን ለአባትህ እንዳትነግረው፣ ቤት ውስጥ መኖር አትችልም። በፍትህ ለመፍረድ ግን ዘመኑ ይለያያል። እስከ 1992 ድረስ ተከላካይ ሲጨናነቅ ኳሷን ለበረኛው በእግሩ መልሶ በረኛው በእጁ ያነሳት ነበር፣ ዛሬ ይሄ የለም። ሳሊባ ሶስት ሰው ሲመጣበት ኳስ ይዞ መውጣት አለበት፣ የአዳምስ ትውልድ ግማሽ እድሜውን ይሄ አልተጠየቀም። በሌላ በኩል 1990 ላይ ሕጉ ተቀይሮ ከተከላካዩ እኩል የቆመ አጥቂ ኦፍሳይድ መሆኑ ቀረ፣ እነ አዳምስ የለመዱት ወጥመድ ጠበበ ማለት ነው፣ እነሱ ግን ከዛም በኋላ ቀጠሉበት።

ከሀዋሳ፦ አህያ እያሉ ይሰድቡት ነበር የሚባለው እውነት ነው ወይስ የስፐርሶች ወሬ ነው?

እውነት ነው። ስፐርሶች፣ ማለትም ቶተንሃሞች፣ ቢደሰቱበትም የጀመሩት እነሱ ብቻ አይደሉም። 1988 ጀርመን ላይ በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ የሆላንዱ ማርኮ ቫን ባስተን እንግሊዝ ላይ ሀትሪክ ሰራ፣ 3 ለ 1፣ መሀል ተከላካዩ የ21 አመቱ አዳምስ ነበር። በዛን ቀን ቫን ባስተንን ማን ይይዘው ነበር ብትለኝ መልስ የለኝም፣ ግን አገር ሲሸነፍ ሰው ተፈልጎ ይገኛል። በዛ ላይ ኤፕሪል 1989 በማንቼ ሜዳ ኦልድትራፎርድ ላይ አርሰናልን ቀዳሚ ያደረገችውን ጎል አግብቶ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ በራሱ መረብ ላይ አገባ፣ 1 ለ 1 አለቀ፣ ሁለቱም ጎል የሱ። በማግስቱ አንድ ጋዜጣ ፎቶው ላይ የአህያ ጆሮ ቀጥሎለት ወጣ። ከዛ በኋላ የሄደበት ስታዲየም ሁሉ የአህያ ድምጽ ነው፣ ካሮት የሚወረውርም ነበር።

አንድ ወር ከምናምን በኋላ ሜይ 26 ላይ ምን ሆነ? አርሰናል አንፊልድ ሄዶ ሊቨርፑልን በሁለት ጎል ልዩነት ማሸነፍ ነበረበት ዋንጫውን ለመውሰድ። ያ ጨዋታ የሊቨርፑል ደጋፊዎች በስታዲየም ተጨፍልቀው በሞቱበት በሂልስቦሮው አደጋ ምክንያት የተላለፈ ስለነበር የሲዝኑ መጨረሻ ሆኖ ቀረ። ግራሃም አምስት ተከላካይ ደረደረ፣ ሰው ሁሉ ሊከላከል ነው እንዴ ብሎ ሳቀ። አለን ስሚዝ አንድ፣ ማይክል ቶማስ ባለቀ ሰአት ሁለተኛውን። ሁለቱም ቡድኖች 76 ነጥብ፣ የጎል ልዩነታቸውም እኩል፣ አርሰናል ብዙ ጎል በማግባቱ ብቻ ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫውን ያነሳው «አህያው» ነው። እኔ እስካሁን ሰው ሲሳደብ ስሰማ እሱ ትዝ ይለኛል።

ከሪያድ፦ ወንድሜ፣ እኔ ኳስ ብዙም አላይም፣ መጽሔቱን የማነበው ለሌላው አምድ ነው። ግን አንድ ጓደኛዬ ይሄ ተጫዋች በመጠጥ ምክንያት ታስሮ ነበር አለችኝ። አገር ቤት ያለው ታናሽ ወንድሜ መጠጥ አልተው ብሎ እናታችንን እያስለቀሰ ስለሆነ ነው የምጠይቅህ። ሰውየው እስር ቤት ገብቶ ነው የተወው? እንዴትስ ኳሱን ቀጠለ?

እህቴ፣ በመጀመሪያ እናትሽን አይዞሽ በይልኝ። መልሱ «አይደለም» ነው፣ ይሄን ቀድሜ ልንገርሽ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋር ነው። እስር ቤቱ አላስተወውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። 1990 ላይ ለአለም ዋንጫ ሳይመረጥ ቀረ፣ በዛው ሰሞን ጠጥቶ ሲነዳ ኤሴክስ ውስጥ መኪናውን አጋጨ፣ ሲለካ ሕጉ ከሚፈቅደው ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። የፈረንጆች ገና ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው ዲሴምበር 19 ላይ የአራት ወር እስር ተፈረደበት፣ ግማሹን ቼልምስፎርድ እስር ቤት ጨርሶ በፌብሩዋሪ ወጣ። የአንድ ትልቅ ክለብ አምበል ነው፣ የእስረኛ ቁጥር ተሰጥቶት። ክለቡ አላባረረውም፣ አምበልነቱንም አልነጠቀውም። በዛ ሲዝን አርሰናል በሊጉ የተሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፣ በቼልሲ 2 ለ 1፣ እሷም እሱ እስር ቤት እያለ ነች። ኳስ ለማያይ ሰው ይሄ ምንም ላይመስል ይችላል፣ ለኛ ግን ስንቱን ይናገራል።

ከወጣ በኋላ ደጋፊው እንደ ጀግና ተቀበለው፣ ዋንጫውን አነሳ፣ መጠጡን ቀጠለ። አምስት አመት ተኩል ያህል። ዋንጫ እያነሳ፣ እየወደቀ፣ እየተሰፋ። የሚያስፈራው ነገር ይሄ ነው እህቴ፣ ስራውን በደንብ የሚሰራ ሰው መጠጡን ለመደበቅ ስራው ራሱ ይጠቅመዋል፣ ማን ደፍሮ ይናገረዋል። 1996 ላይ እንግሊዝ በሜዳዋ የአውሮፓ ዋንጫ ስታዘጋጅ ቡድኑን በአምበልነት መራ፣ ግማሽ ፍጻሜ ላይ በጀርመን በፔናሊቲ ወደቁ፣ ከዛ በኋላ ሳምንታት ሙሉ ጠጣ። የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣው ኦገስት 16 ቀን ነው፣ ቀኑን እሱ ራሱ ቆጥሮ ይዞታል። በሴፕቴምበር የቡድን ጓደኞቹን ሰብስቦ «የመጠጥ ሱሰኛ ነኝ» ብሎ ነገራቸው። አስቢው፣ አምበላቸው ነው፣ ግማሾቹ አብረውት የሚጠጡ ናቸው። ያኔ የእንግሊዝ ተጫዋች ከጨዋታ በኋላ ሰክሮ መውደቅ እንደ ወንድነት የሚቆጠርበት ዘመን ነበር። ቡድኑ ውስጥ ግን ከሱ በፊት 1994 ላይ ፖል መርሰን በአደባባይ ተናግሮ ስለነበር መንገዱ ትንሽ ተከፍቶ ነበር።

የጠቀመው በየጊዜው እንደሱ ካሉ ሰዎች ጋር እየተቀመጠ ማውራቱ ነው። 2000 ላይ ደግሞ ስፖርቲንግ ቻንስ የሚባል በሱስ ለተያዙ ስፖርተኞች የሚሆን ማገገሚያ አቋቋመ፣ እስካሁን ይሰራል። ስለወንድምሽ ግን እኔ የኳስ ጸሐፊ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ህክምና ይሰጣል፣ ብቻውን ሂድ ከምትሉት የሚሰማው አንድ ሰው አብሮት ቢሄድ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ብዙ የሚጠጣ ሰው ያለ ሐኪም በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ሊጎዳ ስለሚችል ቁጣ ላይ ሆናችሁ በሩን እንዳትቆልፉበት።

ከደሴ፦ ኤሚሬትስ ስታዲየም በር ላይ እጁን ዘርግቶ የቆመው ሐውልት የሱ ነው አሉ። ተከላካይ ሆኖ ምን አግብቶ ነው እንዲህ ሚዘረጋው?

የደሴው፣ እጅህን ስጠኝ፣ ይሄን ጥያቄ ነበር ስጠብቅ የነበረው።

ሜይ 3 ቀን 1998፣ የአርሰናል የድሮ ሜዳ ሃይበሪ፣ አርሰናል ከኤቨርተን። ካሸነፉ ዋንጫው የነሱ ነው። በዛ ሲዝን ማንቼ ከ10 ነጥብ በላይ ርቆ ሄዶ ነበር፣ አርሰናል እየተከተለ እየተከተለ ማርች ላይ ኦቨርማርስ ኦልድትራፎርድ ላይ ያገባት ጎል ነገሩን ገለበጠችው፣ ከዛ በተከታታይ ማሸነፍ ብቻ። አዳምስ ራሱ በሲዝኑ መሀል ተጎድቶ፣ ጫማ ልስቀል ይሆን እያለ ሲያስብ፣ የዛን ጊዜው አሰልጣኝ ቬንገር ደቡብ ፈረንሳይ ልኮት አገግሞ ነው የተመለሰው። እንግዲህ የኤቨርተኑ ጨዋታ 3 ለ 0 ደርሷል፣ ሊያልቅ አንድ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል፣ ሰው መዘመር ጀምሯል። ቦልድ፣ ያው የገመዱ ቦልድ፣ ተቀይሮ ገብቶ መሀል ሜዳ ላይ ነው። ኳሷን ይዞ ቀና ሲል አንድ ሰው በኤቨርተን ተከላካዮች መሀል ሰንጥቆ ይሮጣል፣ ተከላካዩ አዳምስ! ቦልድ ቀስ አርጎ ከላያቸው አሻገራት። አንድ መሀል ተከላካይ ለሌላው መሀል ተከላካይ፣ የሌላ ቡድን ኦፍሳይድ ወጥመድ ሰብሮ። በደረቱ አወረዳት፣ አንዴ ነጥራ ስትነሳ በግራ እግሩ፣ በማይታመንበት እግሩ፣ መታት። መረብ። 4 ለ 0።

ከዛ አልሮጠም፣ አልተንከባለለም፣ ማልያ አላወለቀም። ቆመ፣ እጆቹን ዘረጋ። ሐውልቱ 2011 ላይ ሲቆም የተወሰደው ያ አቋም ነው። እኔ ቪዲዮውን ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም፣ ሁሌ የሚገርመኝ ምቱ ሳይሆን ሩጫው ነው፣ ምክንያቱም የግራሃም አዳምስ እዛ ቦታ ላይ አይገኝም ነበር፣ ገመዱ ይጎትተው ነበር። ቬንገር መጥቶ «ኳስ ይዘህ ውጣ፣ ትችላለህ» አለው፣ አመጋገቡን ቀየረለት፣ መጠጡን እሱ ራሱ ተወ፣ ሰላሳዎቹን አልፎ መጫወት ተማረ። ለኔ ሐውልቱ የቆመው ለዛ ነው። አንተ ለጎሏ ነው ብትል አልጣላህም።

ከአዳማ፦ ዋንጫ ስንት አለው? ደግሞ የቡድን ጓደኛውን እጅ ሰብሯል የሚሉት ቀልድ ነው?

ሊጉን አራቴ፣ 1989፣ 1991፣ 1998፣ 2002፣ ሶስት የተለያዩ አስርት አመታት ላይ አምበል ሆኖ ያነሳ ሌላ ሰው በእንግሊዝ የለም። ኤፍኤ ካፕ ሶስት፣ ሊግ ካፕ ሁለት፣ በ1994 ደግሞ ኮፐንሃገን ላይ ፓርማን 1 ለ 0 አሸንፈው የአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ። 669 ጨዋታ፣ 48 ጎል፣ ሁሉም ለአንድ ክለብ። በጨዋታ ብዛት የሚበልጠው ዴቪድ ኦሊየሪ ብቻ ነው።

እጁ ደግሞ ቀልድ አይደለም፣ እኔ ግን ስቄበታለሁ ይቅር ይበለኝ። 1993 የሊግ ካፕ ፍጻሜ ሼፊልድ ዌንስዴይን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ የማሸነፊያዋን ያገባው ስቲቭ ሞሮው ነበር። ካለቀ በኋላ አዳምስ በደስታ ትከሻው ላይ ሊሸከመው አነሳው፣ አመለጠው፣ ወደቀ፣ የሞሮው ክንድ ተሰበረ። ልጁ ሜዳሊያውን ሳይቀበል በቃሬዛ ሄደ፣ ሜዳሊያውን ያገኘው በዛው አመት ኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ላይ ነው። ኳስ ጥሎ የማያውቅ ተከላካይ ሰው ጣለ።

ከአዲስ አበባ፣ 22፦ አሰልጣኝ ሆኖስ?

ተወው። ዋይኮምብ፣ ፖርትስማውዝ፣ አዘርባጃን ድረስ ሄዶ ጋባላ፣ 2017 ላይ ስፔን ግራናዳ ገብቶ ሰባት ጨዋታ፣ ሰባት ሽንፈት። ቀጣይ ጥያቄ።

አሁንም ከጀሞ (የልጁ አባት ነኝ)፦ ልጄ ጽፎልሃል አሉኝ። ለሱ ስትመልስለት አንድ ነገር ጨምርልኝ፣ 6 ቁጥርን ከአዳምስ በኋላ ማን ለበሰው? ልጁ አያውቅም።

ጋሼ፣ እንኳን ጻፉልን። አዳምስ የመጨረሻ ጨዋታውን የተጫወተው ሜይ 2002 ካርዲፍ ላይ ነው፣ ኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ፣ ቼልሲን 2 ለ 0፣ ፓርለርና ዩንበርግ አግብተው። ከዛ ቁጥሩ ለአራት አመት ያህል ማንም ሳይለብሰው ቆይቶ ለሴንደሮስ ተሰጠ፣ ከሱ በኋላ ኮሲየልኒ ለበሰው። አሁን ያለው ጋብርኤል ላይ ነው፣ ኮርነር በተመታ ቁጥር በግንባሩ የሚያገባው ልጅ። ልጅዎ ስለ ሳሊባ ብቻ ነው የጻፈልኝ፣ ስለ ጋብርኤል አንድ ቃል አላለም፣ ቀጣይ ጨዋታ ላይ አብራችሁ ስትቀመጡ ከዛ ይጀምሩለት።